የዓይን ዝገት መድኃኒት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጥያቄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እትዬሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው ብለሽ ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ ስሞታ ማቅረብሽን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ዝግ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ከሰዓት መጠገኛ ሱቄ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና ተከሉ። ሦስት ነጭ ሣጥን የተሸከመ ረጅም ብረት ነው፤ ከሥራ ጠረጴዛዬ ቀና ስል ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። እሱ ከመጣ ወዲህ የእኔ ዓይን ዓይን አልሆነልኝም። ሲመሽ አምፖል ባየሁ ቁጥር ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይከበዋል። ወረንጦዬን በግራ በኩል አስቀምጬ እዚያው አጣዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ዕድሜ ልኬን ስገባበት የኖርኩት በር ትከሻዬን መታኝ። በሩ አልተንቀሳቀሰም፤ እኔ ነኝ የሄድኩበት።

እናም የእኔንም የእትዬሽንም ስልክ በባዶ የብስኩት ጣሳ ከትቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ። እትዬሽ "ስልኬን ቀብሮ ለቅሶ እንኳ ልቀመጥ አልፈቀደልኝም" እያለች ለሰው ትናገራለች። ደብዳቤ መጻፍ ግን ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ያሰበውን ይጽፋል።

ሐኪም ቤት አልሄድክም እንዳትይኝ፣ ሄጃለሁ። የዓይን ሐኪሙ ትናንት የተወለደ ልጅ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ያለውን ብሏል፣ እሱን እንተወው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የምትሠሪበት ላቦራቶሪ ውስጥ አይጦችን ለስልክ ጨረር አጋልጣችሁ ዓይናቸውን እንደምትመረምሩ፣ መከላከያ እንደምትሰጧቸውም አንድ ጊዜ አጫውተሽኝ ነበር። ያኔ "የአይጥ ዓይን ለማየት ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥሽው?" ብዬ ስቄብሻለሁ። ሳቄን መልሼ ውጫለሁ። መከላከያው ምንድን ነው? ለሰው ይሆናል ወይ? ከሆነ ላኪልኝ። ሰዓት ሠሪ እግሩን ቢያጣ ተቀምጦ ይሠራል፤ ዓይኑን ካጣ ግን ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ መንገደኛ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚሆነው። እኔ ይህን ፈርቻለሁ።

የለመንሽውን ሁሉ የማይነሳሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለምወድዎት ለጋሼ ጥቅሻ፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። ሰፈሩ ባወጣልዎት ስም ስለጠራሁዎት እንደማይቆጡኝ አውቃለሁ፤ እርስዎም ጥያቄ ብለው ይጠሩኝ የለ። ልጅ ሆኜ ከጠረጴዛዎ ጎን ተቀምጬ ስውል፣ ማጉያውን ቀኝ ዓይንዎ ላይ ሰክተው ግራውን ጭፍን ስለሚያደርጉ፣ የገባው ደንበኛ ሁሉ የጠቀሱት ይመስለው ነበር። ማጉያውን አውልቀው እራት ሲበሉ እንኳ ግራው እንደተጨፈነ ይቀር ነበር። እትዬም "የጠቀሰኝ መስሎኝ ነው ያገባሁት፤ ለካስ ሥራው ነው" እያለች ታስቀን ነበር።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። ጠዋት ነጭ ካፖርት ለብሼ የአይጦቹን ቤት አጸዳለሁ፣ እመግባለሁ፣ እመዝናለሁ። በመጀመሪያው ረድፍ ካሉት በላይ እንደ ሰሐን የተዘረጋ አንቴና አለ፤ ስልክ የሚለቀውን ዓይነት ሞገድ ይለቅባቸዋል። ሁለተኛው ረድፍ ያንኑ ሞገድ እያገኘ ከምግቡ ጋር ቫይታሚን ይቀላቀልለታል። የሦስተኛው ረድፍ አንቴና ጠፍቶ ነው የሚውለው። በመጨረሻ የሁሉንም ዓይን እንመረምራለን። እስካሁን ባየነው፣ ሞገድ ብቻ ባገኙት ዓይን ውስጥ አንድ ዓይነት ዝገት ይበዛል፤ ቫይታሚን የበሉት ላይ ቀነስ ይላል። ዝገት የምልዎት እንዲገባዎት ነው። ብረት በአየር እንደሚበላ ሁሉ ሰውነትም ውስጥ ተመሳሳይ መበላት አለ፤ ያንን የሚከላከሉትን አንቲኦክሲዳንት ይሏቸዋል። በአትክልትና በፍራፍሬም ውስጥ ይገኛሉ።

ለሰው ይሆናል ወይ ላሉኝ መልሱ ገና አይታወቅም ነው። አይጥ አይጥ ነው። እኛም ቢሆን ሥራውን አልጨረስንም፤ ሌሎች ሞክረው ሌላ ውጤት ያገኙበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ዓይን የታመመው በአንቴናው ነው ለማለትም እኔ አልደፍርም።

ሆኖም ባዶ ደብዳቤ መላክ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ቫይታሚን ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ ቢወስዱ አይጎዳዎትም ብዬ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ብልቃጥ ልኬያለሁ። ሐኪሙ ግን ምን አለዎት? እባክዎ ይጻፉልኝ።

እጅዎን እስማለሁ።

ጥያቄ


ታኅሣሥ 9

ለዓይኔ ብሌን፣ ለእህቴ ልጅ፣

የወለደችሽ ማኅፀን ትባረክ። ብልቃጡም ደብዳቤውም በደህና ደርሰውኛል። እትዬሽ ካርቶኑን አልጥልም ብላ የመርፌ ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

ደብዳቤሽን ሳነብ "ይኸው!" ብዬ ጠረጴዛውን ብመታው የሰው ሰዓት ሞላ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ እሱን ስፈልግ ዋልኩ። ዝገት ነው ያልሽው። ዝገትን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? የዛገ ሰዓት ሲመጣልኝ እፈታዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ዘይት ጠብ አደርግለታለሁ፣ ይሄዳል። የእኔም ዓይን ይሄዳል። በቀን አንድ ብለሻል፤ እኔ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት አድርጌዋለሁ። አንቴናው ቅርቤ ነዋ። ገና ካሁኑ መብራቱ ዙሪያ ያለው ቀስተ ደመና የቀጠነ መስሎኛል።

ደብዳቤሽን ሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል። "ለሰው ይሆናል ወይ" ከሚለው በታች ያለውን ግን ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ ቦታ ስላልበቃ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንብቦ "እኔንም እኮ ያሳክከኛል" አለ። ከጥግ ያለችው ልብስ ሰፊም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። ስለዚህ ሦስት ብልቃጥ ጨምረሽ ላኪልኝ፤ አንቴናውን የተከሉትንም ተሰብስበን ልናነጋግር ነው፤ አንቺ በጽሑፍ ምስክራችን ነሽ።

ሌላ የምነግርሽ የለም። ትናንት መንገድ ስሻገር ብስክሌት ሊደፋኝ ለጥቂት ተረፍኩ። በግራ በኩል ድንገት ዱብ አለብኝ። እትዬሽ ከሩቅ ሲመጣ ነበር ትላለች፤ እሷ ሁልጊዜ ከባዳ ጋር ናት። ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ሐኪሞችን ታውቂያቸው የለ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ጥር 6

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ለእትዬም ትልቅ ሰላምታ ይድረሳት።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እየሳቅሁ ጀመርኩ፣ ስጨርስ ግን አልሳቅሁም። ስለ ሐኪሙ ጠየቅሁዎት፣ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ ስለ ብስክሌት ነገሩኝ። ነገሩ አላምር ስላለኝ ደብዳቤዎን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እሷ ዕድሜዋን በዓይን ጥናት ያሳለፈች ሴት ናት። የመብራቱን ነገር፣ የበሩን፣ የወረንጦውን፣ የብስክሌቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠብቃ "አይጧ ከአንቴናው በታች በአንድ ስንዝር ነው የምትውለው፣ አጎትሽ ከመንገድ ማዶ ናቸው" አለችኝ። ቀጥላም "መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚያይና በር የሚመታው ሰው ቫይታሚን አይላክለትም። ወደ ሐኪም ነው የሚላከው" አለች። አፈርኩ። ወጥቼ የአይጦቹን ውሃ ቀየርኩ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሦስቱን ብልቃጥ አልላክሁም። ያለዎትንም በቀን ከአንድ አያሳልፉት፤ የቫይታሚን ብዛትም ይጎዳል። ደብዳቤዬን ከመስታወቱ ላይ ያንሱልኝ፣ አለዚያም የታጠፈውን ይዘርጉት። እኔ የጻፍኩት ከታጠፈው ጋር ነው። ልብስ ሰፊዋም ሐኪም ትታይ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሐኪሙ ምን አለ? ምን መድኃኒት ሰጠዎት?

በመልካም መልስዎ ደስ እንዲለኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ


የካቲት 1

ለተከበሩ ለላቦራቶሪ ሠራተኛዋ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤናዎን እመኛለሁ።

እንዳዘዙኝ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አንስቻለሁ። ሳነሳው የሰፈሩ ሰው ቆሞ አይቶኛል። ልብስ ሰፊዋም "እርስዎ ነዎት የዋሹት ወይስ የእህትዎ ልጅ?" ብላ በሰው ፊት ጠይቃኛለች። ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። አንቴናውን የተከሉትን ለማነጋገር የተቆረጠው ቀጠሮም ፈርሷል። እነሱ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ ለአለቃዎ ይህንን ይንገሩልኝ።

ሐኪሙ ምን አለ እያሉ አስጨንቀውኛል። እንግዲያው ይስሙ። ዓይንህ ውስጥ ግፊት አለ፣ ግላኮማ ይባላል ብሎ ጠብታ ሰጥቶኛል። ዕድሜ ልክህን አታቋርጠው ብሏል። ጠብታው ያቃጥላል። ዓይኔን ደም ያስመስለዋል። ደንበኛ ውድ ሰዓቱን ሊሰጠኝ ገብቶ ዓይኔን ሲያይ፣ ይህ ሰው ጠጥቶ ነው ብሎ ሰዓቱን መልሶ ኪሱ ይከታል። በዚህ ላይ ጠብታውን ጨምሬም ሳልጨምርም የማየው አንድ ነው። ብልቃጥዎ ሲመጣ፣ የሚያቃጥለውን ትቼ የማያቃጥለውን ያዝኩ። እርስዎ ልከው ነው የወሰድኩት፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ከለከሉኝ። እንግዲህ ምን ቀረኝ? አንቺ ልጅ፣ ምን ቀረኝ?

ይህን ያህል ነው። እትዬሽ ሰላም ብላለች፤ እሷ አልተቀየመችሽም።

አጎትዎ


የካቲት 26

ለአባቴ ምትክ ለጋሼ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፣ ይቅር ይበሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ "እርስዎ" ብለው ስለጻፉልኝ ግን እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ደወልኩ፤ ስልክዎ ጣሳው ውስጥ ነው። ለፀጉር አስተካካዩ ደወልኩለት። ስልኩን እንደያዘ እየሮጠ ወደ እርስዎ ሲገባ እሰማለሁ። "ያንን ነገር ይዘህ ከሱቄ ውጣ! የምትለው ካላት በደብዳቤ ትጻፍልኝ" ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ድምፅዎን ሰምቼ መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ በቆየ ቁጥር ዓይንዎ እየባከነ መሆኑን እያወቅሁ።

ጋሼ፣ ጠብታውን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ግላኮማ አያምም። አይጮህም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ በዳር በዳር ጀምሮ ይበላል፣ ሰውየው መሐሉን ስለሚያይ ሁሉን ያየ ይመስለዋል። ጠብታውን ጨምረው ምንም ለውጥ ያላዩት ለዚህ ነው። ጠብታው ያለውን ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አይመልስም። እኔ ዝገት ብዬ ስጽፍልዎት እርስዎ የሚያውቁት የሰዓት ዝገት እንደሚታወስዎት ማሰብ ነበረብኝ። የዛገ ሰዓት በዘይት ይሄዳል ብለዋል። ጥርሱ ተበልቶ ያለቀ መዘውር ሲመጣልዎት ግን ዘይት ቢያፈሱበት ጥርስ ያበቅላል? ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት እሱን ነው። ወረንጦው በግራ ጠፋዎት። በሩ የመታዎት የትኛውን ትከሻ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ እኔ ግን ግራው ነው ብዬ እፈራለሁ። ብስክሌቱም በግራ መጣ። የግራ ዓይንዎን ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ጨፍነው ኖረዋል። ጋሼ፣ ግራ ዓይንዎን ለብቻው ከከፈቱት ስንት ጊዜ ሆነዎት?

ማጉያውን ያውልቁ። መስኮቱ ዘንድ ይቁሙ። ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ይህን መስመር በግራዎ ያንብቡልኝ።

ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ቢቆጡም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ጥያቄ


መጋቢት 28

ለጋሼና ለእትዬ፣

መልስ ጠብቄ አጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ የጋሼ ሱቅ ከተዘጋ ቆየ፣ ባልና ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ተያይዘው ይወጣሉ፣ የት እንደሆነ አይነግሩኝም ይለኛል። እኔ ሥራ ገብቼ የአይጦችን ዓይን አያለሁ፣ የእርስዎ ነው የሚታየኝ። ተቆጥተውም ቢሆን፣ በአንድ ቃልም ቢሆን ይጻፉልኝ። ያንን ብልቃጥ ባልላክሁ ኖሮ እላለሁ፣ ቀን አይመሽልኝም።

ጥያቄ


ሚያዝያ 5

ይድረስ ለልጄ ለጥያቄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፊደሌ የገዘፈው እጄ አርጅቶ አይደለም፤ ሐኪሙ በትልቁ ጻፍ ስላለኝ ነው። ወረቀት ጨራሽ አድርጎኛል።

ደብዳቤሽ የመጣ ቀን አኩርፌ ነበርና አልከፍትም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። እትዬሽ አወጣችው፣ ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ፣ እኔ አነበብኩ። የመጨረሻው ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ይህቺ ልጅ ድሮም ጥያቄ ነበረች፣ ዛሬም ጥያቄ ናት አልኩ። ልቧ እንዲያርፍ ብዬ ማጉያዬን አወለቅሁ። ቀትር ነበር፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥታ ነበር። መስኮቱ ዘንድ ቆምኩ፣ ቀኙን በመዳፌ ሸፈንኩት፣ ግራውን ከፈትኩት።

"መጋረጃውን ለምን ዘጋሽው?" አልኳት እትዬሽን።

"አልዘጋሁትም" አለችኝ።

እንደገና ጠየቅኋት። ድምፅዋ ሲለወጥ ሰማሁ። እጄን ከቀኝ ዓይኔ ላይ ሳነሳው መጋረጃው ተሰብስቦ ታስሯል፣ ፀሐይዋም እዚያው ናት፣ እትዬሽ ደግሞ ከጎኔ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ትከሻዬ እኮ ግራው ነበር፤ እውነትሽን ነው።

ልጄ፣ ሐኪሙ ያኔም ነግሮኝ ነበር። ግራህ ደክሟል ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ዓይን ስለሆነ ነው፣ ቀኙ ሲሠራ እሱ ተኝቶ ነው የኖረው ብዬ ስቄበታለሁ። የተኛ እንጂ የሚሞት መች መሰለኝ? ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ጨለማ ያያል፤ እኔ ጨለማዬን በፈቃዴ ይዤው ስለምዞር ሲገባ አላወቅሁትም።

አሁን ስሚኝ። በዚህ ብልቃጥ ምክንያት ራስሽን እንዳትበዪ። ጠብታውን አንቺ ቫይታሚኑን ከመላክሽ በፊትም አንድ ቀን እጨምራለሁ፣ ሦስት ቀን እረሳለሁ። ለመተው ሰበብ ስፈልግ ያንቺ ብልቃጥ ደረሰልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔ ከሐኪሙም ከአንቺም ደብቄ አሁን ማንን ልውቀስ?

ሱቁን የዘጋሁት በየጠዋቱ ዓይን ሐኪም ቤት እየሄድን ስለሆነ ነው። ግራው አይመለስም ብሎኛል። ሲነግረኝ አላለቀስኩም፤ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ቀኙም ዳር ዳሩን ተነክቷል፤ ግን መሐሉ ደህና ነው። ጠብታውን ሳላጓድል ከያዝኩ ይህ ዓይን ከእኔ ጋር ሊያረጅ ይችላል ብሏል። ያ ልጅ ሐኪም ትዕግሥቱ ይገርማል፤ ስለ ልጅና ስለ እራት ያልኩትን ሰርዤዋለሁ። እትዬሽ ጠብታውን እሷ ናት የምትጨምርልኝ። ሲያቃጥለኝ "ጥቀሰኝ" ትለኛለች፣ እጠቅሳታለሁ።

አንቴናው አሁንም እዚያው ነው። ዓይኑን አልወደውም፤ ግን የራሴን ጥፋት እሱ ላይ መስቀሌን ትቻለሁ። እናንተ እዚያ አይጦቹን ጠይቃችሁ እውነቱን ስትደርሱበት ትነግሪኛለሽ። ስትነግሪኝ ወረቀቱን አላጥፈውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከሐኪም ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምን ሳላይ ብቀር ይቆጨኛል ብዬ አሰብኩ። ያየኋቸው ሰዓቶች ይበቁኛል። አንቺን ግን ከሄድሽ ወዲህ አላየሁሽም፤ በስልክም ፊትሽን ልታሳዪኝ ስትለምኚኝ ድምፅሽ ይበቃኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ዛሬ እትዬሽን ያንን የብስኩት ጣሳ ከአልጋ ሥር አውጪልኝ አልኳት። ክዳኑ እምቢ ብሎ በካቻቢቴ ነው የፈነቀልኩት። ስልኮቹ ሞተዋል፤ ቻርጅ አድርገናቸዋል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ በማግሥቱ ጠዋት ደውዪ፣ አነሳለሁ።

ፊትሽን አሳዪኝ። ስትደውዪ መብራት ያለበት ተቀመጪ።

አጎትሽ